አፍንጫ አይዋሽም

ላሆር፣ ከባቲ በር ውስጥ

ለታናሽ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆችህ እንደምን ሰንብታችኋል? ሰው ለዘመዱ ሲጽፍ «ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ያለ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ዓይኔ ደህና ነው፣ ይህን ደብዳቤ እንኳ ያለ መነጽር ነው የምጽፍልህ። አምና በብርዱ ወራት አንድ ክፉ ጉንፋን ሦስት ሳምንት አስተኝቶኝ ነበር፤ እሱም አልፏል። አርጅቷል ብሎ ያወራልህ ሰው ካለ ውሸታም ነው።

አሥራ አንድ ዓመት በየዒዱ ስጽፍለት አንድም ቀን ያልመለሰልኝ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው ትል ይሆናል። ምንም አልነካኝም። ሱምበል ልትዳር ነው። አንተ ስትሄድ ከደረትህ በላይ ያልነበረችው ልጄ። የማወራህ ጉዳይ እሱ ነው፣ ግን ቶሎ አልደርስበትም፤ አስቀድሜ የምሰድብህ አለኝ። በስልክ እንዳላደርገው ደግሞ ድምፅህን ከሰማሁ ስድቤን ሳልጨርስ እቀራለሁ። ወረቀት ታግሶ ይሰማል፤ እንዳንተ «ባይጃን፣ ወንድም ጋሼ፣ ቆይማ አንዴ» እያለ አያቋርጥም።

በመጀመሪያ፣ ዘንድሮ ከደብዳቤህ ጋር የላክኸው ቅመም ደርሷል። «በእጄ የቆላሁት፣ በእጄ የወቀጥኩት ነው» ብለሃል። ከፍቼ አፍንጫዬን አስገባሁበት። አቧራ ነው፣ ወንድሜ። የካራቺን መንገድ ጠርገህ በወረቀት ጠቅልለህ ልከህልኛል። ሄሉ የለ፣ ቅርንፉዱ የለ፣ ቀረፋው ተራ እንጨት ነው። ነጅማ ግን ከማዶው ክፍል ሆና ሦስት ጊዜ አከታትላ አነጠሰችና «ኧረ ይሄ የማን ቅመም ነው? ቤቱን ሞላው እኮ!» አለች። ሚስቴን ታውቃታለህ፣ ላንተ ሁሌም ታደላለች። ፖስታውን አጥፌ መደርደሪያው ላይ ወረወርኩት።

ሁለተኛ፣ ባለፈው መጋቢት ካራቺ መጥቼ ነበር። አዎ፣ መጥቼ ነበር። አልነገርኩህም፣ ቤትህም አልረገጥኩም፤ ምግብ ቤትህ ግን ገብቻለሁ። ሻሌን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጥኩ። ከበሩ በላይ ያጻፍከውንም አነበብኩ፤ «የአራቱም ክፍለ ሀገር ጣዕም በአንድ ጣሪያ ሥር»። አራቱን ክፍለ ሀገር በአንድ ጣሪያ ሥር ማስማማት ለመንግሥትም ከብዶታል፣ ያንተ ማእድ ቤት ሊያስማማው ነው?

ቢሪያኒ አዘዝኩ። ቀረበ። ድንች አለበት። ድንች! የሦስት ትውልድ የሠርግ አብሳይ ልጅ፣ የአባታችን ልጅ፣ ሩዝ ውስጥ ድንች ይከታል! «የካራቺ ሰው ያለ ድንች አይበላም» ልትለኝ ነው። የካራቺ ሰው ባሕሩን አፍልተህ ብታቀርብለትም ይበላል፤ ይህ ምክንያት አይሆንህም። ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎቱ ፊቴን ሞላው። ሞቀኝ፤ ሌላ ምንም። ጎረስኩ። ትኩስ ነው፣ ሩዙ አልተጣበቀም፤ ሌላ ምንም። ጎኔ የተቀመጠ አንድ ወፍራም የከባድ መኪና ሹፌር ግን ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ይልሳል፣ «ያ አላህ፣ የሰውየው እጅ!» ይላል። መጉረስ ማቆሜን አይቶ «አባባ፣ ምነው? አልጣፈጠዎትም?» አለኝ። «ልጄ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ምግብ በልተህ አታውቅም» አልኩት። ሳቀብኝና ከሳህኔ ላይ ድንቹን አነሳ።

ያኔ ነው ያየሁህ። ከውስጥ ብቅ አልክ፣ ከደረት ኪስህ ያቺን የእናታችንን የብር ማንኪያ አወጣህ፣ ከድስቱ ጨለፍክ፣ ቀመስክ። ራስህን ነቀነቅክ። ጨው ቆንጠር አድርገህ በተንህ፣ ደግመህ ቀመስክ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! አሥራ አንድ ዓመት ቆይተህም ያው ቀማሽ ነህ። ሽበትም አውጥተሃል። ምግቡን ትቼ ወጣሁ።

በወንድሙ ብቻ ቂም ይዞ ነው እንዳትለኝ፣ ሌላውንም ዞሬ አይቻለሁ። ፔሻዋር ወጣሁ። ስለ ቻፕሊ ከባባቸው፣ ስለዚያ ጠፍጣፋ የሥጋ ጥብስ፣ አባታችን እንኳ፣ ማንንም የማያመሰግነው ሰውዬ፣ «የፔሻዋር ፓታን ሌላ ባያውቅ ጮማና ሮማን ያውቃል» ይል ነበር። በሰፊው ምጣድ በጮማው ውስጥ ሲንጫጫ ድምፁ መልካም ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ ውሃ የጠጣ የጫማ ሶል ነው። የደረቀው የሮማን ፍሬ ጥርሴ ሥር ጠጠር ሆነብኝ። «ሮማኑ የታለ?» ብዬ ሻጩን ብጠይቀው ወገቡን ይዞ፣ «ሐጂ ሳሂብ፣ እናንተ ላሆሮች ሮማን የምታውቁት በሥዕል ነው፣ ምን ላድርግህ?» ብሎ ወረፋውን ሁሉ አሳቀብኝ። ባለጌ።

ኩዌታም ሄድኩ። የአገሩ ሰዎች፣ ባሎቾቹ፣ ሙሉውን በግ ጨው ብቻ አሽተው በእንጨት ሰክተው በእሳቱ ዙሪያ ያቆሙታል፤ ይህን ሙያ ብለው ይኮሩበታል። «ቅመምስ?» ብላቸው ባለቤቱ ሽማግሌ ጢሙን እየደባበሰ፣ «ቅመም የሚያስፈልገው የሚደብቀው ነገር ላለው ሥጋ ነው» አለኝ። ደህና መልስ ነው፤ ምግብ ቢሆን ኖሮ። ጨው ጠየቅሁ፣ ሰጠኝ። ደግሜ ጠየቅሁ፣ ሰጠኝ። ሦስተኛ ስጠይቀው ዓይን ዓይኔን አየኝና ጨዉን ከፊቴ አንስቶ፣ «እንግዳዬ፣ በጉ ጨው አላነሰውም። ይብቃህ» አለ። በእርጋታ ነው ያለው፣ ልጅ እንደሚመክሩት። እንግዳን ጨው የሚነፍግ ሕዝብ!

አገሩ ሁሉ ሙያውን ረስቷል ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ታውቃለህ መቼም፣ «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። እኔም ሦስቱን ክፍለ ሀገር ድንጋይ ነው ብዬ ጥያለሁ።

የአባታችንን ሕግ ያስታወስክ እንደሆነ እንጃ። «አፍ ይዋሻል» ይል ነበር። «ለራበው ሁሉ ይጣፍጠዋል፣ የጠገበውን ሁሉ ይመረዋል። አፍንጫ ግን አይዋሽም።» ሌላው አብሳይ በረመዳን ስለሚጾም ሳይቀምስ ጨው ይለካል፤ አባታችን ዓመቱን ሙሉ ረመዳን አደረገው። የአጥንቱ መረቅ ሲፈላ ኡስታዱ፣ ዋናው አብሳይ፣ ጎንበስ ብሎ እንፋሎቱን ይስባል፣ ረዳቱ የጨው ሳህን ይዞ በእፍኝ በእፍኝ ይጨምራል፣ ኡስታዱ እጁን ሲያነሳ ጨው ይቆማል። ከዚያ ክዳኑ በሊጥ ይታሸጋል። ማንኪያ ወደ አፉ ያስጠጋ ሰው በእኛ ድስት ዳር አልቆመም። ሠርግ ደጋሹ ሁሉ ይህን ለማየት ወንበር ስቦ ይቀመጥ ነበር፤ ሩዙን ከመብላት ይልቅ ያቺን እጅ ስትነሳ ማየት ይወዱ ነበር።

እና አንተ በዳኛው ልጅ ሠርግ፣ አባታችን ከሞተ በስድስት ወሩ፣ ገና ኡስታድ ተብዬ በቆምኩበት በመጀመሪያው ትልቅ ድግስ፣ እጄን አንስቼ ሳለ ማንኪያህን አወጣህ። ቀመስክና በጆሮዬ «ባይጃን፣ አንድ እፍኝ ይቀረዋል» አልከኝ። በጆሮዬ ነው ያልከኝ፣ እሱን አልክድም። እኔ ነኝ የጮህኩት። «ቀማሽ!» ብዬ በሦስት መቶ ሰው ፊት ሽርጥህን ከወገብህ ፈትቼ መንገድ ላይ ወረወርኩት። አንሥተህ አራገፍከው። በማግስቱ በካራቺ ባቡር ሄድክ። ያን ቀን ጨው አንሶ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አላምንም። ምናልባት ግማሽ እፍኝ።

አሁን የዘንድሮውን ስማ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

ከሁለት ወር በፊት የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሠርግ ነበር፤ አራት መቶ እንግዳ፣ የበግ ፑላው፣ ያው በመረቅ የሚበስለው የእኛ ሩዝ። ረዳቴ ገፉር ይባላል፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ አብሮኝ ያለ፣ ሃምሳ ያለፈው፣ ቀን ሙሉ አሥር ቃል የማይናገር ሰው ነው። ጎንበስ ብዬ እንፋሎቱን ሳብኩ። ገፉር አንድ እፍኝ ጨመረ። ጠበቅሁ። ሁለተኛ ጨመረ። ጠበቅሁ። መረቁ አልተናገረኝም። ሦስተኛ። አራተኛ። ገፉር ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ እጄን አላነሳሁም፤ እጅ ሳይነሳ ጨው ማቆም ደግሞ በእኛ ቤት አይታሰብም። በመጨረሻ «ኡስታድ፣ ሳህኑ አለቀ» አለኝ። «እንግዲያው በቃ» አልኩት። ክዳኑን በሊጥ አሸግን።

እንግዶቹ አንድ አንድ ጉርሻ ጎረሱ። ከዚያ ሁሉም ውሃ ጠየቁ። አራት መቶ ሰው ባንድ ጊዜ ውሃ ሲጠይቅ ሰምተህ ታውቃለህ? ማንም አልሰደበኝም፤ የላሆር ሰው ጨዋ ነው። ነጋዴው ራሱ መጥቶ እጄን ያዘና «ኡስታድ፣ ዛሬ እጅዎ ቸር ነበረች» አለኝ። በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በታንዱር ዳቦ ቤቱ ወረፋ ላይ «ጨዋው ኡስታድ» ነው የምባለው አሉ። ምርቃት እንዳይመስልህ፤ ጨዋ ያሉት ከጨው ነው። ጥፋቱ የጨው ሻጩ ነው፤ ያ የተራራችን ሮዝ ጨው ድሮ ልኩን የሚያውቅ ጨው ነበር። የዘንድሮው ግን አልሸት ብሎ ዝም ብሎ ይገባና በኋላ ያዋርድሃል።

በሚቀጥለው ድግስ ገፉርን ከዱቄት ጆንያው ጀርባ ማንኪያ አፉ ውስጥ እንዳለ ያዝኩት። እጄን አነሳሁበት። ሳይሸሽ ቆሞ፣ «ኡስታድ፣ ከሁለታችን አንዳችን መቅመስ አለብን» አለኝ። ያው የቀኑን አሥር ቃል በእኔ ላይ ጨረሰው። አባረርኩት። ሽርጡን ፈትቶ፣ በአራት አጥፎ፣ ድስቱ ክዳን ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። የአንተን እኔ ነበርኩ የወረወርኩት፣ እሱ ግን አጥፎ አስቀመጠው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያም አሁን አውቄያለሁ።

እንግዲህ የገዛ ቤቴም ሰላም አልሰጠኝም። ነጅማ ባለፈው ሰሞን ስምንት ቀን ሙሉ ኒሃሪ አቀረበችልኝ። የቅልጥም ወጥ እንደማልጠግብ ታውቃለች። በየቀኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አፌን ታያለች። በስምንተኛው ቀን መልካም ነገር ልናገር ብዬ «የዛሬው ከሁሉም ይበልጣል፣ ጨውሽ ልክ ገብቷል» አልኳት። ከሻሏ ሥር የጨው ማሰሮዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አፉ ላይ ያጣበቀችው ወረቀት እንዳለ ነው፤ ስምንት ቀን አልተከፈተም። «የሱምበል አባት…» አለች። ተነስታ ሳህኖቹን አጠበች፤ የታጠቡትንም ደግማ አጠበች። ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖሮ ሚስቱ የምትፈትነው ባል እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ፣ ቀትር ላይ፣ ለእንግዳ የሚሆን የሩዝ ገንፎ በወተት ጥጄ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የሱምበል አማቾች ከሙልታን ሊመጡ ነው። አጠገቡ ነው ያልኩህ፣ ጉልበቴ ምድጃውን ይነካል። ጀርባዬን ሰጥቼው የእንግዶቹን ስም ዝርዝር ሳነብ ሱምበል ከሰገነት ላይ ልብስ ከምታሰጣበት በባዶ እግሯ እየሮጠች ወረደች። «አባ! አባ! ምን ነካህ? አይሸትህም? ሰፈሩ ሁሉ ጢስ በጢስ ሆነ እኮ!» ዞር ስል ወተቱ ከስሎ ድስቱ ጠቁሯል፤ ጢሱ ክፍሉን ሞልቶታል። ዓይኔ ማልቀሱን እንኳ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ከጢሱ ነው። «እያሰብኩ ነበር» አልኳት።

እሳቱን አጠፋች፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ከዚያ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለችና እጄን ያዘች። አንተ ብትኖር «የእናታችን ቁርጥ» ትላት ነበር። «አባ» አለች፣ «ለሠርጌ ማን ያበስላል?»

«ማን ሊያበስል ነው? እኔ ነኛ!»

«የሙሽራ አባት በሠርጓ ቀን ድስት ሥር ቆሞ ያውቃል እንዴ? አንተ በር ላይ ቆመህ እንግዳ መቀበል ነው ያለብህ፣ አዲስ ጥምጥም አድርገህ። የሙልታን ሰዎች አባትየው ጢስ ጢስ እያለ ተቀበለን ቢሉስ? ሌላ ሰው ያብስል።» ወለሉን እያየች፣ «አጎቴ ለምን አይመጣም?» አለች።

እንዲህ ያለ ሥርዓት መኖሩን እስከዚያች ቀን አልሰማሁም ነበር። ከሰማሁት በኋላ ግን ትክክል ሆኖ አገኘሁት። አዎ፣ የሙሽራ አባት ድስት ሥር አይቆምም። ይህን የምጽፍልህ ለዚህ ነው፤ ሥርዓት ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ሠርጉ ከዒድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓርብ ነው፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ። ሰባት ድስት ነው። አራቱ የበግ ፑላው፣ ሁለቱ ወጥ፣ አንዱ ቢጫው ጣፋጭ ሩዝ። የሙልታን ሰዎች እንዴት ያሉ መሰሉህ? ከማንጎና ከሙቀት በቀር ያላቸው ነገር የለም፤ ሌላ የሚኮሩበት ስለሌላቸው የሰው ድግስ ሲነቅፉ ይውላሉ። የሙሽራው እናት ከሁሉም ትብሳለች። የነጋዴውን ሠርግ ወሬ ሰምታለች፤ ሱምበልን ለማየት የመጣች ዕለት ሻዩን ፉት ብላ «እህ፣ ስኳር ነው? እኔማ በዚህ ቤት ጨው እንዳይሆን ፈርቼ» ብላ ሳቀች። ሱምበልም ሳቀች፣ ከጨዋነት። ያ ፑላው ከተበላሸ ልጄን ዕድሜዋን ሙሉ «የጨዋማው ልጅ» እያሉ ነው የሚያኖሯት። ሩዝ ባፈላች ቁጥር፣ ልጅ በወለደች ቁጥር፣ እኔ ከሞትኩም በኋላ። እኔን ይሳቁብኝ፣ ለምጄዋለሁ። እሷን ግን አልችልም፣ ወንድሜ። ይህን አልችልም።

ሦስት ከተማ በአንድ ዓመት ምን ስትዞር ነበር ትለኝ ይሆናል። የሚናገረኝ ድስት ስፈልግ ነበር። አንዱ ቢናገር ይበቃኝ ነበር። ያንተም ምግብ ቤት የመጣሁት ለዚያ ነው፤ ከሁሉም የተናደድኩትም ያንተ ዝም ሲለኝ ነው።

ና እንግዲህ። ድንች ይዘህ ብትመጣ ግን ከበር እመልስሃለሁ፣ ይህን በደንብ እወቅ። ያን የአራት ክፍለ ሀገር ጣሪያህንም እዚያው ተወው። ሽርጥ አታምጣ፣ የአባታችንን አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ። ገፉርን ሄጄ እለምነዋለሁ፣ ቤቱ ከጨው ሰፈር ጀርባ ነው፤ ጨዉን እሱ ይያዝልህ።

ማንኪያዋን ግን ይዘህ ና። ክዳኑ ከመታሸጉ በፊት ቅመስ። ሁለቴ ቅመስ፣ ሦስቴም ብትቀምስ አላይህም፤ ያኔ እንግዶች እየተቀበልኩ በር ላይ ነው የምሆነው። ልክ መሆኑን ስታውቅ ሰው ላክብኝ። እመጣለሁ። ሰዉ ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ጠብቅ፣ የሙሽራው እናት ከፊት እንድትሆን አድርግ። ከዚያ በሁሉም ፊት «ባይጃን፣ እንዴት ነው?» በለኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ እንፋሎቱን እስባለሁ፣ እጄንም አነሳለሁ።

ከዚህ በላይ አልጠይቅህም። ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ብዬ ስመክርህ እንደ ድንጋይ የምወረወረው እኔ መሆኔን አላወቅኩም ነበር።

አላህ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ እጅህንም አይንሳህ፣ ምላስህንም ይጠብቅልህ። የሚስትህን ስም ጠርተህ ሰላም በልልኝ፤ ድንቹ የሷ ሐሳብ ከሆነ ይቅር ብያታለሁ። የእናታችን ነፍስ በጀነት ትረፍ፤ ማንኪያዋን ለአንተ ስትሰጥ ምን እንደምታደርግ ታውቅ ኖሯል።

ታላቅ ወንድምህ

ይድረስ ያልኩት ደብዳቤ ካለቀ በኋላ ነጅማ የማንጎ አቻር በብልቃጥ ሞልታ አብሬ እንድልክልህ አመጣችልኝ፤ የምትወደው ዓይነት ነው። ግሩም ነው። እሷ ናት የቀመሰችው።